የድሮ ባዶ ካሴቶች የድምፅ ጥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳይከፈት የኖረ ወይም በሌላ ሰው እጅ የቆየ ባዶ ካሴት አግኝታችሁ ሙዚቃ ልትቀዱበት ካሰባችሁ፣ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይኸው ከነመልሱ።

30 እና 40 ዓመት የተቀመጠ ባዶ ካሴት አሁንም በደንብ ይቀዳል?

አዎ፣ አብዛኛው ይቀዳል። ክሩ ሲታይ ስስ ይምሰል እንጂ ጠንካራ ነገር ነው። ቀጭን ፖሊስተር ላይ ማግኔታዊ ዱቄት በማጣበቂያ ተለብጦበታል፤ ያ ዱቄት ደግሞ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ብቻ ድምፅ የመያዝ አቅሙን አያጣም። በ1980ዎቹ የተሠራ ጥሩ ካሴት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከቆየ፣ ዛሬ ተከፍቶ ሲቀዳበት ዕድሜውን በጆሮ መለየት ይከብዳል።

ቀድሞ የሚያረጀው ክሩን የያዘው ቀፎ ነው። ሙጫው ይደርቃል፣ ስፖንጁ ይፈረፈራል፣ ፕላስቲኩ ፀሐይ ካገኘው ይጣመማል። ስለዚህ «ካሴቱ ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «የት ነው የቆየው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከመቅዳቴ በፊት ካሴቱ ላይ ምን ልይ?

ክሩ የሚታይበትን ክፍት ጠርዝ ወደ ብርሃን አዙሩት። ልክ መሃሉ ላይ፣ ከክሩ ጀርባ፣ ቀጭን የብረት ሞላ ላይ የተጣበቀች ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን ለስላሳ ጨርቅ አለች። ሥራዋ ክሩን ቴፑ ውስጥ ካለው ሄድ (ድምፁን ክሩ ላይ ከሚጽፈውና ከሚያነበው ክፍል) ጋር አጥብቆ ማገናኘት ነው። የድሮ ካሴት ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የምትሆነው እሷ ናት። ሙጫዋ ደርቆ ትወድቃለች፣ ወይ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። አንዳንድ ርካሽ ካሴት ላይ ደግሞ በሞላ ፈንታ ስፖንጅ ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ከጊዜ ብዛት ዱቄት ይሆናል። ጨርቋ ከሌለች ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ አንዱ ወገን ብቅ ጥልቅ ይላል፣ እናንተም «ክሩ አርጅቷል» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ክሩ ግን ምንም አልሆነም። ቀፎው በብሎን የታሰረ ከሆነ ከማይረባ ካሴት ላይ አንዷን ነቅሎ መተካት ይቻላል።

ቀጥሎ ክሩን ራሱን እዩት። ጠርዙ የተጨማደደ ወይም ሞገድ የሠራ ከሆነ ያ ቦታ ላይ ድምፁ ይዋዥቃል። በመስኮቱ በኩል ሲታይ በጥቅሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ሊሆን ስለሚችል ቴፑ ውስጥ አታስገቡት፤ ወደ ሌሎች ካሴቶችም ይተላለፋል። ንጹሕ ከሆነ ከመቅዳታችሁ በፊት እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ አጠንጥኑት። ለዓመታት ተጣብቆ የተቀመጠው ጥቅል ይላቀቃል፣ ውጥረቱም እኩል ይሆናል። በዚህ መሃል ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል ከሆነ ለቁም ነገር ቀረጻ አትጠቀሙበት።

ዓይነት 1፣ ዓይነት 2፣ ዓይነት 4 የሚባለው ምንድን ነው?

ልዩነቱ ክሩ ላይ የተቀባው ዱቄት ነው። ዓይነት 1 ፌሪክ ነው፣ ማለትም የብረት ኦክሳይድ፤ ፊሊፕስ ካሴትን በ1963 ሲያስተዋውቅ የጀመረው በዚሁ ነው። ዓይነት 2 ክሮም ይባላል። ዓይነት 4 ሜታል ነው፣ ኦክሳይድ ያልሆነ የብረት ዱቄት፤ ገበያ ላይ የወጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ዓይነት 3 ፌሪኩንና ክሮሙን በሁለት ንብርብር ያጣመረ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ፣ ስለዚህ ካላጋጠማችሁ አትፈልጉት።

ክሮም ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ፣ በተለይ የጃፓኖቹ፣ ውስጣቸው ክሮም የለም። በኮባልት የተጠናከረ የብረት ኦክሳይድ ናቸው፤ ቲዲኬ በ1975 ያወጣው ኤስኤ የዚህ ዓይነት ነው። እውነተኛውን ክሮም ይዞ የቆየው በዋናነት የጀርመኑ ባስፍ ነው። ይህ ልዩነት ለስም ያህል እንዳይመስላችሁ፤ ባያስን (ቴፑ ሲቀዳ ከሙዚቃው ጋር አብሮ የሚልከውን ጆሮ የማይሰማው ሞገድ) በሚመለከተው ጥያቄ ላይ እንመለስበታለን።

ሜታል ከሁሉም ይበልጣል፣ አይደል?

ወረቀት ላይ አዎ። ድምፁ ሳይሰነጣጠቅ ከፍ ያለ መጠን ይቀበላል፣ በተለይ ቀጭን ድምፅ ላይ። ግን ያንን አቅም የምታገኙት ቴፑ ለሜታል የተሠራ ከሆነና በደንብ ከተስተካከለ ብቻ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ከቴፑ ጋር የተስማማ ጥሩ ፌሪክ፣ ካልተስማማ ሜታል ይበልጣል። ጥቂት ሳይሆን በግልጽ ይበልጣል፣ እና ሰው ገንዘቡን ሁሉ ውድ ካሴት ላይ አፍስሶ ሄዱን ሳያጸዳ ሲቀር ያሳዝነኛል።

ወፍራም ድምፅ ላይ ደግሞ ምርጥ የሚባሉት ፌሪኮች ከብዙ የዓይነት 2 ካሴቶች የተሻለ ይሸከማሉ። ቤዝና ከበሮ የበዛበት ሙዚቃ ጥሩ ዓይነት 1 ላይ ሞቅና ሞላ ብሎ ይወጣል። ጸጥታ የሚበዛበት ቀረጻ ከሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን ጊታር ሲጫወት በሉት፣ ዓይነት 2 ይመረጣል፤ ከጀርባ የሚሰማው ሽሽታ ያነሰ ነውና።

ከ60፣ 90 እና 120 ደቂቃ የቱን ልምረጥ?

60 ወይም 90። ሁሉም ቀፎ እኩል ስለሆነ ጊዜው የሚረዝመው ክሩ እየቀጠነ ሲሄድ ነው። የ60ው ውፍረት ወደ 18 ማይክሮሜትር፣ የ90ው ወደ 12፣ የ120ው ወደ 9 ይጠጋል። ባለ 120 ክር ይለጠጣል፣ ይጨማደዳል፣ ቴፑም ቶሎ ይበላዋል። በዚያ ላይ ጥቅሉ ውስጥ አንዱ ዙር ላይ ያለው ድምፅ ወደሚቀጥለው ዙር ስለሚጋባ፣ ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ከሩቅ የሚመጣ ደብዛዛ ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ይህ ይብሳል።

የትኛውን ስም ልፈልግ?

ከዓይነት 1፦ ቲዲኬ ኤዲ እና ማክሰል ዩዲ። ከዓይነት 2፦ ቲዲኬ ኤስኤ፣ ማክሰል ኤክስኤል 2፣ ሶኒ ዩኤክስ፤ እውነተኛ ክሮም ከፈለጋችሁ ባስፍ ክሮም ሱፐር። ከዓይነት 4፦ ቲዲኬ ኤምኤ እና ማክሰል ኤምኤክስ። ቲዲኬ ኤምኤ-አር የሚባለው የብረት አጥንት ያለው፣ የሶኒ ሱፐር ሜታል ማስተር ደግሞ ከሴራሚክ ቅይጥ የተሠራው፣ በጣም ያማሩ ዕቃዎች ናቸው። ግን አሁን ሰብሳቢ ስለሚሻማባቸው ዋጋቸው ከድምፃቸው ጋር አይመጣጠንም። ለመቅዳት ነው የምትፈልጉት? ኤስኤ ወይም ኤክስኤል 2 ይበቃችኋል።

ዓይነቱ ያልተጻፈበት፣ «ከፍተኛ ጥራት» የሚል ቃል ብቻ በትልቁ የታተመበት ካሴት ካያችሁ እለፉት። ሽሽታው ብዙ ነው፣ ክሩም ዱቄቱን ሄዱ ላይ ያራግፋል። በታወቀ ስም የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራም አለ፤ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ቀፎው ሲነቀነቅ የሚንኳኳ፣ ሜታል ነኝ እያለ ጀርባው ላይ የሜታል ምልክት ቀዳዳ (ከታች እናየዋለን) የሌለው ከሆነ ተጠራጠሩ።

ተቀድቶበት የነበረ ካሴት ላይ ደግሜ ብቀዳ ጥራቱ ይቀንሳል?

ክሩ ጤነኛ ከሆነና የቴፑ ማጥፊያ ሄድ በደንብ ከሠራ ልዩነቱ አይሰማም። ችግር የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የተጫወተ ክር ይቧጨራል፣ በተለይ ዘፈን የሚጀምርበት ቦታ ላይ። ሁለተኛ፣ ማጥፊያው ሄድ ደካማ ከሆነ የበፊቱ ድምፅ ከሥር ይቀራል። ሜታል ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፣ ምክንያቱም ሜታል ድምፁን ለማስለቀቅ ከፌሪክ በጣም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ሜታል ከመምጣቱ በፊት የተሠሩ ቴፖች ያንን ጉልበት የላቸውም።

ከመቅዳታችሁ በፊት መጠኑን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ባዶ ቅዱና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የድሮው ዘፈን ከሩቅ ከተሰማ ማጥፊያው አልቻለውም ማለት ነው።

ካሴቶቹን የት ላስቀምጥ? ማግኔት ያበላሻቸዋል?

ባዶ ካሴት ላይ የሚጠፋ ነገር ስለሌለ የማግኔቱ ነገር አያስጨንቃችሁ። የተቀዳበትን ግን ከድምፅ ማጉያ ሳጥን ላይ አታስቀምጡ። የባዶው ካሴት ጠላቶች ሙቀት፣ እርጥበትና ፀሐይ ናቸው። መኪና ውስጥ መስታወት ሥር የዋለ ቀፎ ይጣመማል፤ ከተጣመመ በኋላ ክሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በሳጥናቸው አድርጋችሁ፣ እስከ ጫፍ አጠንጥናችሁ፣ አቁማችሁ ደርድሯቸው።

የምቀዳው ሁሉ ከጀርባው «ሽሽሽ» ይላል። ካሴቱ ነው ወይስ ቴፑ?

ትንሽ ሽሽታ የካሴት ተፈጥሮ ነው። ክሩ ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ በሴኮንድ የሚጓዘው 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ የሁለቱም ገጽ የግራና የቀኝ ድምፅ፣ በድምሩ አራት መስመር ተደርድሯል። እያንዳንዱ መስመር ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከዚህ ይህን ያህል ሙዚቃ መውጣቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

መጠኑ ግን በእጃችሁ ነው። ዓይነት 2 እና 4 ሲጫወቱ ቴፑ ከዓይነት 1 የተለየ ኢኳላይዜሽን (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ሚዛን) ይጠቀማል፤ ይህ ብቻውን ሽሽታውን ከ4 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) በላይ ይቀንሰዋል። ዶልቢ ቢ የሚባለው የቴፑ ሽሽታ መቀነሻ ሲጨመር ሌላ ወደ 10 ዴሲቤል፣ ዶልቢ ሲ ሲሆን ወደ 20 ዴሲቤል ይወርዳል። ዋናው ግን የመቅጃው መጠን ነው። ፈርታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ከቀዳችሁ፣ ስታዳምጡ ድምፁን ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ሽሽታውም አብሮ ከፍ ይላል።

እሺ፣ መጠኑን እስከ ምን ድረስ ከፍ ላድርግ?

የቴፑ መለኪያ ላይ ያለው ዜሮ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ለሁሉም ቴፕ አትጠቀሙ። ዘፈኑ በጣም የሚጮህበትን ቦታ ፈልጋችሁ በተለያየ መጠን ቅዱና አወዳድሩ። ካሴት ሲሞላ ቀድሞ የሚበላሸው ቀጭኑ ድምፅ ነው። የከበሮውን ሳህን ስሙ፤ «ጽንንን» ማለቱን ትቶ «ጽሽሽ» ካለ አልፋችኋል። ዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ሲል ከሻከረም እንደዚያው። እዚያ ስትደርሱ ትንሽ መለስ በሉ። ሜታል ላይ ይህ ነጥብ ራቅ ይላል፣ ርካሽ ፌሪክ ላይ ቶሎ ይመጣል።

ቴፑ የካሴቱን ዓይነት እንዴት ያውቃል? ዓይነት 4ን ሜታል የማያውቅ ቴፕ ላይ ብቀዳስ?

በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚያውቀው። ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ ቀረጻ እንዳይጠፋ የሚሰበሩት ናቸው። ከእነሱ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ካለ ዓይነት 2፣ በተጨማሪ መሃል ላይ ጥንድ ቀዳዳ ካለ ዓይነት 4። የመጀመሪያዎቹ የክሮም ካሴቶች ይህ ቀዳዳ ስለሌላቸው ራሱ የሚለይ ቴፕ እንደ ፌሪክ ነው የሚያያቸው። በእጅ የሚመረጥ ማብሪያ ያለው ቴፕ ለእነዚህ ይመቻል። የተሰበረውን ጥግ በፕላስተር ሸፍናችሁ ደግማችሁ ስትቀዱም ልብ በሉ፤ ፕላስተሩ የጎረቤቱን ቀዳዳ ከደፈነው ቴፑ ካሴቱን በሌላ ዓይነት ይቀዳዋል።

ሜታልን ክሮም ብቻ በሚያውቅ ቴፕ ማጫወት ችግር የለውም፣ ኢኳላይዜሽናቸው አንድ ነው። መቅዳት ግን አይሆንም። ባያሱ አይበቃውም፣ የድሮውም በደንብ አይጠፋም።

ታዋቂ ካሴት ላይ ቀድቼ ድምፁ የታፈነው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ሄዱን አጽዱ። ይህን ዝም ብዬ አይደለም የምለው። 10,000 ኸርዝ ድምፅ ክሩ ላይ ሲጻፍ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 5 ማይክሮሜትር እንኳ አይሞላም። በሄዱና በክሩ መካከል 1 ማይክሮሜትር የሚሆን ቆሻሻ ቢገባ፣ ሲጫወት ከዚያ ድምፅ ላይ ወደ 11 ዴሲቤል ይበላል። በዓይን አይታይም፣ በጆሮ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጥጥ እንጨት፣ ሁለት ደቂቃ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ንጹሕ እስኪሆን ድገሙት።

ካጸዳችሁም በኋላ ታፍኖ ከቀረ ነገሩ ባያስ ነው። ቴፑ ሲቀዳ ከሙዚቃው ጋር ጆሮ የማይሰማው፣ ብዙውን ጊዜ 100,000 ኸርዝ አካባቢ የሆነ ሞገድ አብሮ ይልካል። ይህ ሞገድ ዱቄቱን ቀስቅሶ ሙዚቃውን ሳይበላሽ እንዲቀበል ያደርገዋል። መጠኑ ለእያንዳንዱ ካሴት ይለያያል፣ በአንድ ዓይነት ውስጥ እንኳ። ከበዛ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። ካነሰ ቀጭኑ ድምፅ ከልክ በላይ ይንጫጫል፣ ወፍራሙም ይሻክራል። አሁን ወደ ክሮሙ ነገር እንመለስ፦ ብዙ የጃፓን ቴፖች ለዓይነት 2 የተስተካከሉት ለቲዲኬ ኤስኤና ለመሰሎቹ ነው፤ እውነተኛው የባስፍ ክሮም የሚፈልገው ከዚያ ያነሰ ባያስ ነው። ስለዚህ እዚያ ቴፕ ላይ ሲቀዳ ይታፈናል፣ ሰውም «ባስፍ አይረባም» ይላል። ባስፍ ምንም አላጠፋም።

ቴፓችሁ ሦስት ሄድ ያለው (እየቀዳ የተቀዳውን ወዲያው የሚያሰማ) እና የባያስ ማስተካከያ ያለው ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ሬዲዮውን ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ሽሽታውን ቅዱ፣ መጠኑን ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል ላይ ያዙት። ከፍ አድርጋችሁ ከቀዳችሁ ክሩ ስለሚሞላ ውጤቱ ያታልላችኋል። እየቀዳችሁ ከምንጩ (ከሬዲዮው ድምፅ) ወደ ክሩ (ወደ ተቀዳው)፣ ከክሩ ወደ ምንጩ እየቀያየራችሁ አድምጡ። ክሩ ከደበዘዘ ባያሱን ቀንሱ፣ ከሾለ ጨምሩ። ሁለቱን መለየት ሲያቅታችሁ ደርሳችኋል። ማስተካከያ የሌለው ቴፕ ከሆነ ካሴት ቀያይራችሁ የሚስማማውን ፈልጉ፤ ስታገኙት ያንኑ ብቻ ግዙ።

በራሴ ቴፕ ጥርት ያለው ቀረጻ ሌላ ቴፕ ላይ ለምን ይታፈናል?

የሄዱ አቀማመጥ ነው። ሄዱ ለክሩ አቅጣጫ ልክ 90 ዲግሪ መቆም አለበት። ያንተ ቴፕ ትንሽ ካዘነበለ አዘንብሎ ይቀዳል፣ አዘንብሎ ያጫውታል፣ ስለዚህ ራሱ ላይ ችግሩ አይታወቅም። ሌላው ቴፕ ላይ ነው የሚጋለጠው። የካሴቱ ቀፎም ድርሻ አለው፤ ክሩን የሚመሩት ሮለሮች ውስጡ ናቸውና የተጣመመ ቀፎ ክሩን ያንጋድደዋል። ውድ ካሴቶች ላይ አምራቾቹ ለቀፎው ያን ያህል የተጨነቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን ዝም ብላችሁ እንዳትነኩ። ከነካችኋት በፊት የቀዳችኋቸው ሁሉ ሊታፈኑባችሁ ይችላሉ። በትክክለኛ መለኪያ ካሴት የሚሠራ ባለሙያ ያስተካክላት።

አዲስ የሚመረቱት ካሴቶች ከድሮዎቹ ጋር ይወዳደራሉ?

አሁን የሚመረቱት ዓይነት 1 ብቻ ናቸው። ክሮምም ሜታልም ማምረት ቆሟል፤ ዓይነት 2 ወይም 4 ከፈለጋችሁ የድሮውን ከመፈለግ ሌላ መንገድ የለም። አዲሱ ፌሪክ ለንግግርና ለተራ ቀረጻ ይሆናል። ከ1980ዎቹ ምርጥ ፌሪኮች ጋር ጎን ለጎን ሲሰማ ግን የድሮዎቹ ከፍ ያለ መጠን ይሸከማሉ፣ ሽሽታቸውም ያንሳል።

ዶልቢ ሳበራ ድምፁ ይባስ የሚታፈነው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ዶልቢን የሚጠላው በዚህ ነው፣ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዶልቢ አይደለም። ዶልቢ ሲቀዳ ደካማውን ቀጭን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይጽፋል፣ ሲጫወት በዚያው ልክ ዝቅ ያደርገዋል። «በዚያው ልክ» የሚለው የሚሠራው ከክሩ የሚመለሰው መጠን ከተጻፈው ጋር እኩል ሲሆን ነው። ካሴቱ ድምፁን 2 ወይም 3 ዴሲቤል አሳንሶ ከመለሰ ዶልቢ ደካማ ድምፅ መጣ ብሎ ያስብና ከሚገባው በላይ ይቆርጣል። ትንሿ የባያስ ስህተት በዶልቢ ስትታይ ትልቅ ትሆናለች፣ በዶልቢ ሲ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሄዱን አጽዱ፣ ዶልቢን አጥፍታችሁ ባያሱን አስተካክሉ፣ ቴፓችሁ የመቅጃ ደረጃ ማስተካከያ ካለው ምንጩና ክሩ እኩል እስኪጮኹ አስተካክሉት፣ ከዚያ ዶልቢ ቢን አብሩና ቅዱ። የቀዳችሁትን ስታጫውቱም ዶልቢ መብራቱን አረጋግጡ። በዶልቢ የተቀዳ መሆኑንም ካሴቱ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከዓመታት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።